የባለቤቴ ጥርስና የሸክላ ሠሪዋ ልጅ

ባለቤቴ ወረታ ውስጥ የአንደኛ ክፍል መምህርት ናት። ሥራዋ ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር ነው። እኔ ደግሞ ከአስፋልቱ ዳር የሩዝ መፈልፈያ አለኝ። ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸት ውስጥ ስለምውል፣ ቤት ስገባ ጥርት ብሎ የሚሰማኝ የመጀመሪያው ድምፅ የእሷ ነው። አንድ ቀን የረሳችውን ቁልፍ ላደርስላት ትምህርት ቤት ሄጄ በመስኮት ብመለከት፣ “ፈ” የሚባለው እንዴት እንደሆነ ለማሳየት የላይኛውን ጥርሷን በታችኛው ከንፈሯ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ክፍሉን የሞላው ሕፃን ሁሉ ከንፈሩን ነክሶ ዓይን ዓይኗን ያያታል። ሳቄ እንዳይሰማ አፌን ይዤ ነው የተመለስኩት።

ጥርሷን ያጣችው በክረምት ነው። ሐሙሲት ለቅሶ ደርሳ በሚኒባስ ስትመለስ፣ ከብቶች ድንገት መንገድ ገቡና ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ። ከፊቷ ያለው ወንበር ብረት አፏን መታት። የላይኛው የፊት ጥርሷ ከሥሩ ተሰብሮ ስለነበር ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከመንቀል ሌላ አማራጭ አልነበረም።

መጀመሪያ የሚወልቅና የሚገጠም የፕላስቲክ ጥርስ አሠራች። አንድ ቀን “ጰ” ስትል ጥርሱ ተስፈንጥሮ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ልጆቹ ደነገጡ፤ አንዷማ ማልቀስ ጀመረች። ባለቤቴ ጥርሱን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸውና፣ “አያችሁ? ጥርሱን የማይፋቅ ልጅ እንዲህ ይሆናል” አለቻቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይህን የነገረችኝ እሷም እየሳቀች ነበር። ነግራኝ ስትጨርስ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር ስታወራ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋ ጀመር። ሠርግ ቤት እንኳ ሴቶቹ እልል ሲሉ እሷ በጭብጨባ ብቻ ታጅባለች።

ኢምፕላንት የሚባል ነገር እንዳለ የሰማነው ያኔ ነው። ታይታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ትንሽ ብሎን መንጋጋ አጥንት ውስጥ ይተከላል። አጥንቱ ዙሪያውን ይዞ ሲያጠብቀው በላዩ ጥርስ ይገጠምበታል። ራቅ ካለ ከተማ ሄዳ አስተከለች። ጥርሱ ሲገጠም ከራሷ ጥርስ አይለይም ነበር፤ ደስታችንም ልክ አልነበረውም።

ደስታው ግን ዓመት አልሞላም። በመጀመሪያ በጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ ቀላ። ቀጥሎ ስትፍቀው ይደማ ጀመር። በመጨረሻ ድዱ አብጦ ሲነኩት መግል የሚያወጣ ሆነ። የአፏ ጠረን እንዳይሰማኝ ፈርታ ራቅ ብላ ታወራኝ ነበር። የታዘዘላትን መድኃኒት ስትወስድ ትንሽ ሻል ይላታል፤ ስትጨርስ ይመለሳል።

ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ በዚህ ጊዜ ነው ጣልቃ የገባችው። “ፍል ውኃው ያላዳነው ቁስል የለም” ብላ ወንዛዬ ይዛት ሄደች። እዚያ ሰንብተው፣ ባለቤቴም በሙቁ ውኃ ስትታጠብና ስትጉመጠመጥ ከርማ ተመለሰች።

“እንዴት ሆነሽ?” አልኳት።

“ወገቤ ድኗል” አለችኝ። “ድዴ ግን ወንዛዬ መሄዳችንን አልሰማም።”

እናቴ ተቆጥታ ሳትጨርስ ራሷም ሳቀች።

ባሕር ዳር አንዲት ጎበዝ የጥርስ ሐኪም እንዳለች ለባለቤቴ የነገረቻት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሦስታችንም ሄድን፤ እናቴ ወንዛዬ ስላልሠራላት ሐኪሟን ራሷ ልትፈትናት ፈልጋለች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ስትናገር የማትቸኩል። ባለቤቴን ወንበሩ ላይ አስተኝታ ጥርሱን በጣቷ ጫፍ ነካ ስታደርገው ተነቃነቀ።

“አጥንቱ ለቆታል” አለች። “ላወጣው ነው። አዝናለሁ።”

አደንዝዛ ስታወጣው ብዙም አላስቸገራትም። አጥባ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችውና ማጉያ መነጽር አምጥታ ለሦስታችንም አሳየችን። እኔ የማሽን ሰው ነኝ፤ ብዙ ብሎን አይቻለሁ። ይህ ግን ከስንዴ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ፣ ገጹ እንደ ድንጋይ ወፍጮ የተፈለፈለ ነበር። ወደ አንገቱ አካባቢ ግራጫና ቢጫ ነገር ተጋግሮበታል።

“ይኼ የተጋገረው ምንድን ነው?” አልኳት።

“ባክቴሪያ የሠራው ነው። ባክቴሪያ የሌለበት አፍ የለም፤ የእኔም የእናንተም አፍ ውስጥ አለ። ጤነኛ ድድ ጥርሱን ጥብቅ አድርጎ ስለሚይዘው ወደ ውስጥ አያሳልፈውም። ይህ ብሎን ግን እስከ አንገቱ ድረስ ሸካራ ነው። ከታች መሻከሩ ጥሩ ነው፤ አጥንት የሚቆናጠጠው ሸካራ ነገር ነው። ድዱ ሸሽቶ ሸካራው ሲጋለጥ ግን ባክቴሪያውም ያንኑ ይቆናጠጣል። አንዴ ከተደራረበ ደግሞ መድኃኒትም በደንብ አይደርስበትም። ለዚህ ነው እየዳነ ሲመለስ የከረመው።”

እናቴ አንገቷን አስግጋ ስትሰማ ቆይታ፣ “እና ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነው የብረቱ?” አለች።

“ጥፋት ፈልጌ አይደለም፣ እማማ። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ሰው ላይ ሳይታመም ይኖራል። ለእሷ ግን ሌላ ዓይነት እንምረጥ ነው የምለው።” ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። “እናቴ እንስራ ስትሠራ፣ ከመተኮሱ በፊት አፉንና አንገቱን በለስላሳ ጠጠር ስታሸው ትውላለች፤ እስኪያብረቀርቅ። እድፍ እንዳይዝ ነው። ቂጡን ግን ሸካራ አድርጋ ትተወዋለች፤ መሬት እንዲይዝለት። አሁን የምንተክለውም እንደዚያ ነው። አጥንት ውስጥ የሚገባው ክፍል በአሸዋ ተረጭቶና በአሲድ ታጥቦ እንዲሻክር ተደርጓል። ድድ የሚነካው አንገቱ ግን ለስላሳ ነው።”

እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሳደንቅ፣ እናቴ የሰማችው ሌላ ነገር ነበር።

“እናትሽ ሸክላ ሠሪ ናት?” አለቻት።

“አዎ፣ እማማ። በገበያ ቀን ወረታ ታገኟታላችሁ። ከገበያው ጥግ፣ ገመድ ሻጮቹ አጠገብ ነው የምትቀመጠው።”

ዓይኗን አልሰበረችም፤ ድምፅዋም አልተለወጠም። እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዝም አለች።

የእኛን አገር ለማያውቅ ይህን ዝምታ ልንገረው። እኛ የፎገራ ገበሬዎች ከሸክላ ሠሪዎቹ እንስራና ድስት እየገዛን ነው የኖርነው፤ ከእነሱ ጋር ግን በአንድ ገበታ አንቀርብም ነበር። ልጅ ሲታመምብን ዓይናቸው ወግቶት ነው ይባላል። እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። ስታድግ የተነገራትን ይዛ የኖረች ሴት ናት።

ወደ ወረታ ስንመለስ እስከ ጉማራ ድልድይ አልተነፈሰችም። ድልድዩን ስናልፍ ወደ ባለቤቴ ጠጋ ብላ፣ “እጇን አፍሽ ውስጥ ልታስገቢ ነው?” አለቻት።

“አስገብታለች እኮ፣ እማዬ። የሚያመኝን ነገር አወጣችልኝ።”

“ሌላ ሐኪም ጠፋ?”

ባለቤቴ አፏ ደንዝዞ ስለነበር ቃላቱን እየፈለገች ነው የመለሰችው። “የመጀመሪያውን ሐኪም የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቀውት ነበር?”

  እኔ በመስኮቱ የሩዙን ማሳ እያየሁ፣ ይህችን ሴት ስላገባሁ በልቤ ፈጣሪን አመሰገንኩ።

አዲሱ ከመተከሉ በፊት አጥንቱ መዳን ነበረበት። ሐኪሟ ወራት እንደሚወስድ ነገረችን። ባለቤቴ የፕላስቲኩን ጥርስ መልሳ አላደረገችም፤ ክፍተቷን ይዛ ክፍል ገባች። ያን ቀን እንዴት እንደዋለች ስጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ያሳዘናት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ የአንደኛ ክፍል ልጆች ግማሾቹ የፊት ጥርሳቸውን የሚጥሉበት ዕድሜ ላይ ናቸው። አንዲት ልጅ ወደ ጠረጴዛዋ መጥታ አፏን ከፍታ አሳየቻትና፣ “ቲቸር፣ የኔም ወልቋል። አይዞሽ፣ ያንቺም ይበቅላል” ብላታለች።

ከዚያ ወዲያ “ፈ” የሚለውን ድምፅ ስታስተምር ጥርሱ ሙሉ የሆነ ልጅ ወደ ፊት ጠርታ በእሱ ታሳያለች። ልጆቹ ያን ተራ እንደ ሽልማት ይሻሙበት ነበር። ነጠላዋም ከአፏ ወረደ። ሐኪሟ ገና አዲሱን ጥርስ ሳትተክል ባለቤቴ ግማሹን በራሷ ድናለች።

አዲሱ ብሎን የተተከለ ቀን እናቴ ጉልበቴን አሞኛል ብላ ቀረች። እኔ ከጎን ተቀምጬ ሐኪሟ ስትሠራ አየሁ። ዕቃዋን አንድ በአንድ ከታሸገበት ታወጣለች፤ አዲሱን ብሎን በጓንት እንኳ አልነካችውም፣ በመያዣው አንስታ ወደ አጥንቱ አስገባችው። አጥንቱን ስትሰረስር ቶሎ ቶሎ እያቆመች ውኃ ታፈስበታለች፤ ከሞቀ አጥንቱ ይሞታል አለችኝ። እኔ መፈልፈያዬ ሲግል አጥፍቼ ስጠብቅ ሰው የሚስቅብኝ ትዝ አለኝና ወደድኳት።

ከዚያ ሌላ የመጠበቅ ጊዜ ሆነ። በመሃል መንገዱ ተዘጋና ለቀጠሮ መሄድ አልቻልንም። ባለቤቴ ተጨነቀች። ሐኪሟ ግን ራሷ ደወለች። ከዚያም በኋላ በተከታታይ እየደወለች፣ ስፌቱ ዙሪያ ቀልቷል ወይ፣ ያብጣል ወይ፣ በምን ተጉመጠመጥሽ፣ ብሩሹን ከየት ወደ የት አስኬድሽ እያለች ትከታተላት ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ስልኳን ቤት ረስታ ትምህርት ቤት ሄዳ ስልኩ ሲጮህ እናቴ አነሳችው። እኔ ደጅ ላይ የማሽን ቀበቶ እጠግን ነበር።

“እሷማ ክፍል ናት” ስትል ሰማኋት። ዝም አለች። “እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ጉልበቴ ነው እንጂ።” ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች። “በሁለቱም በኩል ነው። ስነሳ ይብሳል… እሺ… እሺ፣ እንዳልሽኝ አደርጋለሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።”

ልጄ ማለቷን ሰምቼ ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ስልኩን በነጠላዋ ጠርጋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

መንገዱ ተከፍቶ ጥርሱ የሚገጠምበት ምሰሶ ይደረግላታል ተብለን ስንሄድ፣ እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ለብሳ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ሐኪሟ ተነስታ ጉልበቷን ጠየቀቻት፣ ወንበርም አመጣችላት። ከዚያ ከታሸገ ብልቃጥ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣች። ከአጥንቱ ውስጥ ባለው ብሎንና በጥርሱ መካከል የምትቆመው ምሰሶ ናት። ቢጫ ናት፤ መብራቱ ሲያርፍባት ታብለጨልጫለች።

“ወርቅ ነው እንዴ?” አለች እናቴ።

“አይደለም፣ እማማ። ውስጡ ያው ታይታኒየም ነው። ቢጫው ላዩ ላይ የተደረገ ስስ ሽፋን ነው፤ ከፀጉር በብዙ እጅ ይሳሳል። ጠንካራና ልሙጥ ስለሆነ ባክቴሪያ እንደ ልቡ አይጣበቅበትም። ድዷን የሚነካው ይኼ ነው።”

እናቴ ወደ ምሰሶዋ ጎንበስ ብላ አየች። “እንደ ግሬራ ማጠን ነዋ!” አለች።

ግሬራ ወተት የሚታለብበት ዕቃ ነው። እናቴ ላም በነበራት ዘመን ግሬራዋን በወይራ ጭስ ሳታጥን አታልብበትም ነበር። ጭሱ ውስጡን ይለብሰዋል፤ ወተቱም ቶሎ አይበላሽም።

ሐኪሟ እጇን አጨበጨበች። “እንደሱ ነው! እንዴት እኔ አላሰብኩትም? ጭስ ባይሆንም ሥራው ያው ነው፤ ዕቃው ራሱ ተህዋሲያኑን እንዳይቀበል ማድረግ። እንዲያውም ዓለም ላይ ብዙ ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ እየሞከረ ነው። ብሎኑን በብር የሚለብጡ አሉ፤ መድኃኒት ቀስ እያለ እንዲወጣ አድርገው የሚቀቡም አሉ። አብዛኛው ገና እየተፈተነ ነው።” ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞር አለች። “ግን ስሚኝ። ይህ ሽፋን ያግዝሻል እንጂ አይጠብቅሽም። እማማ፣ የታጠነ ግሬራ ሳይታጠብ ቢቀመጥስ?”

“ይገማላ!” አለች እናቴ።

“ሰማሽ? በየቀኑ፣ በጥርሱ ዙሪያ፣ በዚህች ቀጭን ብሩሽ። ለምርመራም ትመጫለሽ፤ ባያምሽም ትመጫለሽ።”

እኔ ያን ቀን ያደነቅሁት ብዙ ነገር ነው። ስሙን የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር ቁጭ ብሎ፣ ዓይን የማያየው ፍጡር በምን ላይ ይጣበቃል፣ ከምን ይሸሻል ብሎ ዕድሜውን ሲመረምር መኖሩ አንዱ ነው። የዚያ ሰው ድካም ተጉዞ ፎገራ ላይ ፊደል የምታስቆጥር ሴት አፍ ውስጥ መድረሱ ሌላው ነው። ከሁሉም በላይ ግን ያችን ሐኪም አደነቅሁ። እናቴ የሆነችውን፣ ያሰበችውን፣ ለምን እንደቀረችም ሐኪሟ ሳታውቅ አትቀርም። ልጅነቷን ሁሉ ያየችው ነው። እሷ ግን የሰው ጉልበት ትጠይቃለች።

ጥርሱ የተገጠመ ቀን ባለቤቴ መስታወቱን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሐኪሟን አቅፋ አልለቅም አለች። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ እልል አለች። እናቴ፣ “አበድሽ? ሰው ያያል!” ብትላትም ራሷም ተቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ በነበረው የገበያ ቀን እናቴ ከቤት ወጥታ ቆየችብኝ። ስፈልጋት ገመድ ሻጮቹ አጠገብ አገኘኋት። ከሸክላዎቹ መካከል በተገለበጠ ድስት ላይ ተቀምጣ ከሐኪሟ እናት ጋር ታወራለች። ሴትዮዋ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው፤ እጃቸው ጭቃ በልቶት የሻከረ፣ ፊታቸው ከልጃቸው ጋር አንድ ዓይነት። እናቴ “የልጄን ሚስት አፍ ልጅሽ አዳነችው” እያለች ስትነግራቸው ሴትዮዋ ቶሎ አላመኑም። እንዲህ ያለ ነገር በገበያ መሃል ሰምተው አያውቁማ። ከዚያ ዓይናቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉ።

እናቴ ኅዳር ላይ የማርያምን ዝክር ስታወጣ የሐኪሟን እናት ጠራቻቸው። መጡ። እናቴ ከአጠገቧ አስቀምጣ በአንድ ገበታ አቀረበቻቸው፤ በእጇም አጎረሰቻቸው። ሁለት ጎረቤቶች ሰበብ ፈጥረው ተነስተው ሄዱ። የቀሩት ቀሩ። እናቴ የሄዱትን በዓይኗ ሸኝታ፣ “እንጀራ ጨምሩ” አለች እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ባለቤቴ አሁንም በየጊዜው ለምርመራ ትሄዳለች። ድዷ እንደ ሌላው ሁሉ ሮዝ ነው፤ አይደማም፣ አይሸትም። ያችን ቀጭን ብሩሽ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም። ሐኪሟ በመስታወቷ ዙሪያውን እያየች፣ “ጎበዝ፣ ጎበዝ” ስትላት እንደ ተማሪ ደስ ይላታል።

ባለፈው ስንሄድ እናቴም አብራን ነበረች። ባለቤቴ ከወንበሩ ስትነሳ እናቴ ጉንጯን በመዳፏ ይዛ፣ “ይቺ የኋላዋ መንጋጋ ደግሞ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሳችኝ” አለች። በሕይወቷ ጥርስ ሐኪም ፊት ተቀምጣ አታውቅም። ሲያማት ጨው ትይዝበታለች፣ ጦስኝ ታኝክበታለች፣ ለእኛም አትነግረንም።

ሐኪሟ ጓንቷን ቀየረችና ወንበሩን ዝቅ አደረገችላት። “ይቀመጡ፣ እማማ። እንየው።”

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፣ አማተበች፣ አፏንም ከፈተች።